የአይፒኤስ ሳጥን ከመግዛታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉት

የምሠራው ቱሉ ዲምቱን አለፍ ብሎ ያለ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነው። የአዳማው ፍጥነት መንገድ መግቢያ ብዙም አይርቀንም። የኔትወርክ ክፍል የሚባለው እኔና አንድ ራክ (የመሣሪያ መደርደሪያ) ነን። በጋ ላይ አቧራው በመስኮት ይገባል፣ ክረምት ላይ መብራቱ ይሄዳል። ሻጭ ይዞት የሚመጣው ወረቀት ላይ ግን አቧራም የለም፣ መብራትም አይጠፋም።

አይፒኤስ ማለት የኔትወርክ ጥቃት የሚከላከል ሳጥን ነው። መስመሩ መሃል ይቀመጥና የሚያልፈውን ፓኬት (መረጃ ተቆራርጦ የሚጓዝበትን ቁራጭ) ሁሉ ያያል። ከሚያውቀው የጥቃት ምልክት ጋር የሚገጥም ካገኘ ይጥለዋል። መሃል ላይ ስለሆነ እሱ ሲዘገይ ሁሉም ይዘገያል። እሱ ሲሞትስ? ይሄን ጥያቄ የመጀመሪያውን ሳጥን ስንገዛ አልጠየቅኩም ነበር። እመለስበታለሁ።

ወረቀቱን ከታች ወደ ላይ አንብቡት። በትልቁ የተጻፈው ብዙ ጊዜ የፋየርዎል ፍጥነት ነው፤ የፓኬቱን ውስጥ ሳይመረምር አድራሻውን ብቻ አይቶ ሲያሳልፍ ያለው። ወረድ ብላችሁ የአይፒኤሱን ፈልጉ። ከዚያ ደግሞ የተመሰጠረ ትራፊክ ተፈትቶ ሲመረመር ያለውን። ለእናንተ የሚሆነው ትንሹ ቁጥር ነው። ዛሬ አብዛኛው የድር ትራፊክ ኤችቲቲፒኤስ፣ ማለትም የተመሰጠረ ስለሆነ፣ ሳይፈታ ያለፈውን ሳጥኑ ውስጡን አላየውም።

የፓኬት መጠንም ቁጥር ያሳምራል። አንድ ጊጋቢት መስመር በ1,518 ባይት ፓኬት ሲሞላ በሰከንድ 81,274 ፓኬት ያልፍበታል። በ64 ባይት ሲሞላ ግን 1,488,095። በራችን ላይ ያሉት ዘበኛ አንድ ተሳቢ ሙሉ ጭነት ሲገባ አይጨነቁም። የሚደክማቸው 11 ሰዓት ላይ የሚወጣውን ሠራተኛ አንድ በአንድ መፈተሽ ነው። ሳጥኑም እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው አርኤፍሲ 2544 የተባለ የኔትወርክ መሣሪያ መለኪያ ሰነድ ለኢተርኔት ሰባት የፓኬት መጠን እንዲሞከር የሚመክረው ያለ ነገር አይደለም። ለደህንነት ሳጥኖች በ2023 የወጣው አርኤፍሲ 9411 ይሻላል፤ እሱ ባልተመሰጠረው ኤችቲቲፒና በኤችቲቲፒኤስ ትራፊክ ያስለካል። ሻጩን «በየትኛው ነው የለካችሁት?» በሉት። ፊቱን ስታዩ ግማሹ መልስ ይገባችኋል።

ከዚያ ሳጥኑን ለሁለት ሳምንት በውሰት ጠይቁ። አንሰጥም ካሉ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ፍጥነት ለመለካት ሁለት ላፕቶፕና አይፐርፍ3 የሚባል የፍጥነት መለኪያ ሶፍትዌር ይበቃል። መጀመሪያ ላፕቶፖቹን በአንድ ኬብል አገናኙና ለኩ። አለበለዚያ የላፕቶፑን ድክመት በሳጥኑ ታሳብባላችሁ። ቀጥሎ ሳጥኑን መሃል አስገቡ፤ መጀመሪያ ምርመራው ጠፍቶ፣ ከዚያ በርቶ፣ ከዚያ ሎግ (የሥራ መዝገብ) እየጻፈ፣ በመጨረሻ ኤችቲቲፒኤስ እየፈታ። የመጨረሻውን በአይፐርፍ አትለኩትም፤ የእሱ ትራፊክ አልተመሰጠረም። በኤችቲቲፒኤስ ትልቅ ፋይል እያወረዳችሁ ለኩት። አይፐርፉን ደግሞ በአንድ ግንኙነት ብቻ አትሞክሩ፤ ስምንት አሥር አድርጉት። ለትናንሽ ፓኬት አይፐርፍ ጉልበት ያንሰዋል፤ ከሊኑክስ ከርነል ጋር የሚመጣውን ፓኬት ላኪ፣ ፒኬቲጄን፣ ተጠቀሙ። ጭነቱ እያለ በሌላ መስኮት ፒንግ (መልእክት ሄዶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ የሚለካ ትእዛዝ) ክፈቱ። አማካዩ ብዙም አይነግራችሁም፤ ትልቁን ቁጥር ተመልከቱ። የስልክ ጥሪ የሚቆራርጠው እሱ ነው።

ጥቃት ይይዛል ወይ ለሚለው በኢካር ፋይል ጀምሩ። 68 ባይት ብቻ የሆነ፣ ምንም የማይጎዳ የሙከራ ፋይል ነው። የቫይረስ ፍተሻው በርቶ በኤችቲቲፒ አውርዱት፤ መያዝ አለበት። ያንኑ በኤችቲቲፒኤስ አውርዱት። እኛ ጋ ሰተት ብሎ ገባ። ከዚያ ከፋብሪካው ኔትወርክ በተለየ ቦታ አሮጌ ዊንዶውስ ጫኑና እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የገባበትን የኤስኤምቢ (የዊንዶውስ ፋይል መጋሪያ) ቀዳዳ ሞክሩበት። ይሄን የማይዝ ሳጥን ካጋጠማችሁ እዚያው አሽጋችሁ መልሱት።

የሚረሳው ግን ሌላኛው ስህተት ነው፤ ጤነኛውን ጥቃት ነው ብሎ መጣል። አንድ ሰኞ ጠዋት ሳጥናችን የጣት አሻራ ማሽኑን ትራፊክ ዘጋው። የአንድ ፈረቃ ሠራተኛ በሙሉ ቀሪ ተብሎ ተመዘገበ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ የሰው ኃይል ቢሮ በር ላይ የተሰለፈውን ሰው አልረሳውም። ስለዚህ ሳጥኑን መጀመሪያ ሳይዘጋ ሎግ ብቻ እንዲጽፍ አድርጉና አንድ ሳምንት ተዉት። የደመወዝ ሰሞን ቢሆን ይመረጣል፤ በሌላ ጊዜ የማይነካ ሶፍትዌር ሁሉ ያን ሰሞን ይነካል።

አሁን ወደ ሶኬቱ። የመጀመሪያው ሳጥናችን ባይፓስ አለው ተባልን፤ መብራት ሲያጣ ትራፊኩን በራሱ ያሳልፋል ማለት ነው። እውነትም አለው። ግን የሚሠራው በጥንድ ነው፤ ፖርት 1 ከ2፣ ፖርት 3 ከ4። እኔ ኬብሎቹን የሰካሁት 2 እና 3 ላይ ነበር። ሶኬቱ ደግሞ ዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው) ላይ ቦታ አጥቶ ግድግዳው ላይ ነበር። መብራት ሄደ፣ ስዊቾቹ (የኔትወርኩን ኬብሎች የሚያገናኙት) በሙሉ በርተዋል፣ ኢንተርኔት የለም። ችግሩን ለማግኘት ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። በእጄ የያዝኩትን ኬብል ሳየው ነው የገባኝ።

ሁለተኛውን ሳጥን ስንሞክር ሶኬቱን ራሴ ነቀልኩት። ጄኔሬተር የሚያስነሱት ጋሼ በበሩ ሲያልፉ አዩኝና «አንቺ ልጅ፣ መብራቱ አልበቃ ብሎሽ ራስሽ ታጠፊዋለሽ?» አሉኝ።

አዎ፣ አጥፉት። በሰከንድ አምስት ጊዜ የሚሄድ ፒንግ አስነሱና ንቀሉ፤ ስንት እንደጠፋ ቁጠሩ። አንድ አምስት ቢጠፋ ጤና ነው። 150 አካባቢ ከጠፋ ሳጥኑን አትውቀሱት፤ ባይፓሱ ሲቀያየር ስዊቹ ፖርቱ ወድቆ ተነሳ ብሎ ስፓኒንግ ትሪውን (ኬብሎች ዙር እንዳይፈጥሩ የሚያጣራበትን) እንደ አዲስ ይጀምራል። በድሮው አሠራር 15 ሰከንድ ያዳምጣል፣ 15 ሰከንድ ይማራል፤ ያው 30 ነው። መልሳችሁ ስትሰኩም ቁጠሩ። ሳጥኑ እስኪነሳ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድም ያዙ። ይሄንን አሥር ጊዜ ድገሙት፤ አንዳንዱ ሳጥን በአራተኛው ወይ በአምስተኛው ላይ ሴቲንጉን ያጠፋል፣ ወይ ጨርሶ አይነሳም። መብራት እዚህ ሄዶ ሲመጣ ደግሞ አንዴ መጥቶ አይቆምም።

አንድ ነገር ግን አለቃችሁ ጋ አስቀድማችሁ ጨርሱ። ባይፓስ ሲሠራ ሥራው አይቆምም፣ ጥበቃ ግን የለም። ለእኛ ሥራው ይብለጥ ተባለ። ባንክ ብሆን ይዘጋ እል ነበር።

የቀረው ቀላል ነው። ሁለት ፓወር ሰፕላይ ካለው አንዱን ዩፒኤስ ላይ፣ ሌላውን ቀጥታ መስመር ላይ ሰኩ። ላይሰንሱ ሲያልቅ ምን እንደሚቆም በጽሑፍ ይስጧችሁ። ከፍታችን ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ሳስቶ ማቀዝቀዝ ያንሰዋል፤ ወረቀቱ ላይ የሚፈቀደውን ከፍታ እዩ። ሙሉ ጭነት ላይ ለ72 ሰዓት ተዉትና ሙቀቱን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ መዝግቡ። ያገኛችሁትን ቁጥር ከፕሮፎርማው ጋር አያይዙት።

የሶኬቱን ሙከራ እኔ አሁንም በየሶፍትዌር ማሻሻያው እደግመዋለሁ፤ እሁድ ጠዋት፣ ፈረቃ ሳይገባ። ጋሼም ለምደውታል። ፒንጉን እኔ እቆጥራለሁ፣ ሶኬቱን እሳቸው ይነቅላሉ።