በድምፅ ለምትጽፉ፣ አንቀፅ አልለይ ካላችሁ

በአማርኛ በድምፅ ስትጽፉ «አዲስ አንቀፅ» ብትሉት ራሱን ቃሉን ጽፎት ቁጭ ይላል፣ ጉግል ዶክስም ላይ እንደዚህ አይነት ትእዛዝ በእንግሊዝኛና በጥቂት ሌሎች ቋንቋዎች እንጂ በአማርኛ አይገባውም። እኔ እዚህ ኮዬ ፈጬ የእድራችንን ቃለ ጉባኤ በስልክ እያወራሁ ስጽፍ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ተለጣጥፎ ይመጣብኝ ነበር።

መላው ይሄ ነው፦ አንቀፁ ባለቀ ቁጥር ጽሁፉ ውስጥ የማይገባ ቃል ተናገሩ፣ እኔ «ዝሆን» ነው የምለው። ከዛ ጽሁፉን ኮምፒውተር ላይ በወርድ ከፍታችሁ ኮንትሮልና ኤች ተጫኑና በላይኛው ሳጥን ከፊትና ከኋላው ስፔስ አድርጋችሁ ዝሆን ጻፉ፣ በታችኛው አራት ነጥብ፣ ቀጥሎ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ቀይራችሁ ሺፍትና 6 ስትጫኑ የምትመጣዋን የጣሪያ ቅርፅ፣ ከዛ ሳትለያዩ ትንሿን ፒ፣ ከዛ ሁሉንም ቀይር በሉት። ወርድ ያቺን ምልክት እንደ ኢንተር ስለሚያነባት እውነተኛ አንቀፅ ይሆናል፣ በአንቀፆቹ መሃል ያለው ክፍተትም (ስፔሲንጉ) ይታዘዝላችኋል።

ቃል ስትመርጡ ግን ፀሐይ አይነት እንዳይሆን፣ አንዴ በፀ አንዴ በጸ ከጻፈው ግማሹ ሳይቀየር ይቀራል። የመጨረሻዋን ዝሆን ደግሞ ከኋላዋ ስፔስ ከሌለ ስለማያገኛት በእጃችሁ አጥፏት።