የኬንያ ተራራን አቀማመጥ ከጫፉ ወደ ታች ማንበብ

የኬንያ ተራራን ለመውጣት የሚዘጋጅ ሰው የመሬት አቀማመጡን ማጥናት ያለበት ከግርጌው ሳይሆን ከጫፉ ነው፤ በብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ የሚጓዝባቸውን ሸለቆዎችና የሚያርፍባቸውን ሐይቆች የቀረጸው ከጫፉ ሥር ወደ ታች ይንሸራተት የነበረው የበረዶ ግግር ነውና።

በመጀመሪያ በካርታዎ ላይ ሦስት ጫፎችን ይለዩ። ባቲያን (5199 ሜትር) እና ኔሊዮን (5188 ሜትር) ጎን ለጎን የቆሙ፣ በገመድ ብቻ የሚወጡ ቋጥኞች ናቸው። በጥንቱ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የረጋው ቅልጥ ዐለት ጠጥሮ ሲቀር ዙሪያውን የነበረው ለስላሳ ክፍል ተሸርሽሮ በመሄዱ እንዲህ ቀጥ ብለው ሊታዩ ችለዋል። ሦስተኛው ሌናና (4985 ሜትር) ሲሆን አብዛኛው ተጓዥ በእግሩ የሚደርሰው እዚህ ነው።

ቀጥሎ ከጫፎቹ ዙሪያ እንደ ጎማ ዘንግ የሚበተኑትን ሸለቆዎች ይከተሉ። የከፍታ መስመሮቹ (በካርታው ላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙት መስመሮች) በግራና በቀኝ ተጠጋግተው፣ መሃል ላይ ግን ተራርቀው ከታዩ፣ ሸለቆው በግግር የተፋቀ፣ ወለሉ ሰፊና ግድግዳው ገደል ነው፤ ወለሉ ጠፍቶ መስመሮቹ እንደ ቀስት ጫፍ ከሾሉ ደግሞ የወንዝ ሥራ ነው። የግግር አሻራ እስከ 3300 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይገኛል። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት የስም መመሳሰል አለ፦ የማኪንደር ካምፕ የሚገኘው በስተ ምዕራብ ባለው በቴሌኪ ሸለቆ እንጂ በማኪንደር ሸለቆ አይደለም። በማኪንደር ሸለቆ ያለው የሺፕተን ካምፕ ነው። ከጓደኛዎ ጋር ሲቀጣጠሩ የካምፑንም የሸለቆውንም ስም ይጥቀሱ።

በመንገድ ላይ ከፍታውን ዕፅዋቱ ይነግሩዎታል፤ ለኢትዮጵያዊ ደግሞ ይህ ንባብ ቀላል ነው። እርጥብ በሆነው በደቡብና በምሥራቅ ገጽ መጀመሪያ ቀርከሃ፣ ከዚያ በደኑ ጠርዝ 3000 ሜትር አካባቢ ኮሶ፣ ከኮሶው በላይ አስታ፣ በመጨረሻም በስሜንና በባሌ የምናውቀው የጅብራ ዘመድ ይመጣል። ደረቅ በሆነው በሰሜኑ በኩል ቀርከሃው እምብዛም ስለማይገኝ አለመታየቱ አያሳስትዎ።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው የግግሩ ሥዕል ነው። እንግሊዛዊው የጂኦግራፊ ምሁር ማኪንደር ባቲያንን በወጣበት በ1899 እ.ኤ.አ. በተራራው ላይ 18 ግግሮች ተቆጥረው ነበር፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ፈጽመው ጠፍተዋል፣ በኔሊዮንና በሌናና መካከል ያለው የሉዊስ ግግርም እጅግ ተመናምኗል። ስለዚህ የካርታውን የኅትመት ዓመት ሳያዩ ነጩን ቀለም አይመኑ፤ በረዶ ተብሎ የተሣለው ቦታ ዛሬ ልቅ ጠጠር ወይም ግግሩ ገፍቶ የከመረው የድንጋይ ቁልል ሊሆን ይችላል። ከቴሌኪ ሸለቆ ወደ ሌናና የሚወስደው ዳገት እንዲህ ያለ ጠጠር ስለሚበዛበት፣ ጠጠሩ በሌሊቱ ቁር ተያይዞ ሳለ ጎህ ሳይቀድ ይውጡት።