ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው ደም ግፊት እንዴት ይለካል?

ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ዳገት ወጥቶ እያለከለከ ቢለካ ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። እንደ ደብረ ብርሃን ባለች፣ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኝ ከተማ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል። ያን ቁጥር ይዞ «ግፊት ያዘኝ» ማለት ችኮላ ነው።

መጀመሪያ ትንፋሹ ይረጋጋ። ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። በአፍንጫ ይሳቡ፤ ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው ከንፈርዎን አሹለው ቀስ ብለው ያስወጡ። ማስወጣቱ ከመሳቡ እጥፍ ይርዘም። ሽንት ካለ ቀድመው ይሽኑ። ቡና ከጠጡ 30 ደቂቃ ይለፍ። በረካ ሳይጠጣ የሚነሳ ስለሌለ፣ ቡናው ሳይፈላ መለካት ይቀላል።

ቀጥሎ ክንድ። ጋቢ መግለጥ ብቻ አይበቃም፣ ሹራቡም ይውለቅ። በዚያ ብርድ ማንም አይወደውም፤ ግን በልብስ ላይ የተለካ አይታመንም። ክንድዎ በልብዎ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። እየለኩ አያውሩ። በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ለክተው ሁለቱንም ይጻፉ። ቤት ውስጥ በተለያየ ቀን 135/85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ለሐኪም ያሳዩ።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው፣ ለእኔ ግን ዋናው ነገር፦ ከቁጥሩ ጎን የወሰዱትን መድኃኒትና የትንፋሽዎን ሁኔታ ይጻፉ። የአየር ቧንቧን የሚከፍተው፣ በአፍ የሚሳበው ሳልቡታሞል ፓፍ የልብ ምትን ሊያፈጥን ይችላል። የሳንባን ብግነት የሚያበርደው ፕሬድኒሶሎን ጨውና ውኃ ሰውነት ውስጥ እያስቀረ ግፊት ሊጨምር ይችላል። የግፊቱ መድኃኒትም ሳንባን የሚነካበት ጊዜ አለ፤ ፕሮፕራኖሎል የአየር ቧንቧን ሊያጠብ ይችላል። ስለዚህ የጎረቤት ኪኒን አይዋሱ። የታዘዘልዎትንም በራስዎ አያቋርጡ፤ ሁሉንም ይዘው ሐኪሙ ፊት ይዘርግፉት።

አንድ ነገር ግን የክንድ መሣሪያ አይነግርዎትም። ኦክስጅን ሲያንስ የሳንባ ደም ሥሮች ይጠባሉ፤ በእነሱ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ የልብ ቀኝ ክፍል ይደክማል። ክንድዎ ላይ 120/80 እያነበቡ ይህ ሊኖር ይችላል። ሲጋራ ነክተው የማያውቁ፣ ዕድሜያቸውን በኩበት ጭስ የኖሩ እናቶች እንኳ ሳንባቸው ሊጎዳ ይችላል። ትንፋሽ እየባሰ እግር ካበጠ የልብ አልትራሳውንድ ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ።

ከንፈር ከጠቆረ፣ ደረት ከወጋ፣ ሰውየው ከቃዠ ወይም አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው መሣሪያውን ይተዉትና በፍጥነት ሐኪም ቤት ያድርሱት።