የፊት ቆዳ ካንሰርን በአልትራሳውንድ ስናይ የምንሳሳተው የት ነው?

«እርጉዝ መሰልኩህ እንዴ ልጄ?» አሉኝ አንድ የጣና ዓሣ አጥማጅ፣ ጉንጫቸው ላይ ጄል ሳፈስ። ሳቅን። ባሕር ዳር ላይ አልትራሳውንድ ሲባል ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ጽንስ ነው። የሚያስቸግረው እኛ ባለሙያዎቹም እንደዚያው ስናስብ ነው።

አንደኛው ስህተት ከዚህ ይመጣል፤ በሆድ ፕሮብ (ቆዳ ላይ በሚያርፈው የማሽኑ መዳሰሻ) ፊት ማየት። የሆዱ ፕሮብ የድምፅ ሞገድ ከ2 እስከ 5 ሜጋኸርዝ ስለሆነ ወደ ውስጥ ይዘልቃል እንጂ ላይ ላዩን አጥርቶ አያሳይም። የዓይን ቆብ ቆዳ እኮ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም! ለቆዳ የሚሆነው 15 ሜጋኸርዝና ከዚያ በላይ ነው። ከሌለ ያለውን ከፍተኛውን ተጠቅሞ «የእብጠቱን ጠርዝ በዚህ መሣሪያ መለየት አልተቻለም» ብሎ መጻፍ አያሳፍርም።

ሁለተኛው መጫን ነው፤ ይህን እኔም ብዙ ጊዜ ሠርቼዋለሁ። የአባባን ጉንጭ ስመለከት ዶፕለሩ፣ ማለትም የደም ፍሰትን በቀለም የሚያሳየው የማሽኑ ክፍል፣ ጭል አላለም። «የደም ፍሰት የለውም» ብዬ ልጽፍ ስል እጄ እንደከበደ ገባኝ። ጄሉን ከመርኩ፣ ትንሿን ጣቴን ጉንጫቸው አጥንት ላይ አሳርፌ ፕሮቡን ጄሉ ላይ ብቻ አንሳፈፍኩት። ጥቁሩ እብጠት ውስጥ ቀይና ሰማያዊው ብልጭ ብልጭ ይል ጀመር። ቀጫጭን የቆዳ ደም ሥሮች በትንሽ ጫና ይዘጋሉ። ዶፕለሩም ለዘገምተኛ ፍሰት ካልተስተካከለ አያያቸውም።

እብጠቱን አይቶ አንገትን መተውም አለ። መርክል የሚባለው ብርቅ ካንሰር ሳያም በፍጥነት ያድጋል፤ ወደ ንፍፊቶችም ቶሎ ይዘልቃል። ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ከጆሮ ፊት፣ ከመንጋጋ ሥርና ከአንገት ጎን ማየት ደቂቃዎች ቢወስድ ነው።

ከሁሉ የምፈራው ግን ምስሉን አይቶ ስም መስጠትን ነው። እኛ አገር ቁንጭር የሚባል፣ ካንሰር ያልሆነ የቆዳ በሽታ አለ፤ ፊት ላይ ይወጣል፣ ይቆስላል፣ ይቆያል። በአልትራሳውንድ እሱም ጥቁር፣ ካንሰሩም ጥቁር፤ ሁለቱም ደም ሊኖራቸው ይችላል። የዓይን ቆብ የቅባት ዕጢ ካንሰርም ተራ እብጠት መስሎ ያታልላል፤ ተቆርጦ እዚያው ቦታ ከተመለሰ ሥጋው ሳይመረመር መጣል የለበትም። አልትራሳውንድ ጥልቀቱን፣ ስፋቱንና ከአጥንት መድረስ አለመድረሱን ይናገራል። ምንነቱን የሚናገረው ከእብጠቱ ተቆርጦ የሚመረመር ናሙና ነው።

ታካሚው እሳት ወይም ሥር አስነክቶ እንደሆነም ይጠየቅ፣ ሳይቆጡት፤ ጠባሳው ምስሉን ይቀይራል። ዓይን አጠገብ የማሽኑን ኃይል ወደ ዓይን መመርመሪያው ልክ ማውረድ አይረሳ።

ቅደም ተከተሉም ቁም ነገር አለው። ናሙና ከተወሰደ በኋላ ደምና እብጠት ጠርዙን ያደበዝዛል። ስለዚህ አባባን መጀመሪያ አየሁ፣ ለካሁ፣ ጻፍኩ፤ ናሙናው በማግስቱ ተወሰደ።