ማጣሪያና ማርሚታ ከተቀየረ በኋላ ነዳጅ ያነሰበትን ሞተር መመርመር

አዲስ አበባ ውስጥ በቪትዝና በኮሮላ ላይ የሚሠሩት የጉልበት ማሻሻያዎች የታወቁ ናቸው። ፋብሪካው የገጠመው የአየር ማጣሪያ ሳጥን ይወጣና ክፍት ሾጣጣ ማጣሪያ ይገባል፣ ጭሱን የሚያጠራው ካታሊስት ይቆረጣል፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) በሰፋ ቱቦ ይተካል። ሥራው ካለቀ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የሞተር መብራት ይበራል፤ የሞተሩን ኮምፒውተር የሚያነብ ስካነር ሲሰካም ፒ 0171 የሚል ኮድ ይወጣል። የኮዱ ትርጉም ኮምፒውተሩ በአየርና በነዳጁ ድብልቅ ውስጥ ነዳጅ አንሷል ብሎ መደምደሙ ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ ጋራዦች መጀመሪያ የሚቀይሩት በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካውን ኦክስጅን ሴንሰር ሲሆን፣ ገንዘብ በከንቱ የሚወጣውም በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ኮዱ የሚናገረው ሴንሰሩ ስላየው ነገር እንጂ ስለ ሴንሰሩ መበላሸት አይደለም። ስለዚህ አንድም ዕቃ ከመገዛቱ በፊት ለሁለት ጥያቄዎች መልስ ማግኘት ይገባል፦ ነዳጁ በእርግጥ አንሷል ወይስ ያነሰ መስሎ ታይቷል? በእርግጥ ካነሰስ የሚያንሰው በሚኒሞ (መኪናው ቆሞ ነዳጅ ሳይረገጥ) ነው ወይስ ሞተሩ ጭነት ሲኖርበት?

ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ ነዳጅ መርገጫውን እስከ መጨረሻው መርገጥ መቆም አለበት። ለቤንዚን ሞተር የተመጣጠነው ድብልቅ በክብደት ለ1 እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ አየር ነው። ሙሉ ነዳጅ ሲሰጥ ግን ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከ12.5 እስከ 13.2፣ ተርቦ ያለው ደግሞ ከ11.5 እስከ 12 ገደማ ይፈልጋል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ነዳጁ በዝቷል ማለት ነው፤ ተጨማሪው ነዳጅ ጉልበት ከመስጠቱም በላይ የቃጠሎውን ሙቀት ያበርዳል። ይህ ተጨማሪ ሲጠፋ ሞተሩ ዳገት ላይ ማንኳኳት ይጀምራል፣ ብልጭታ የሚሰጠው የካንዴላ ጫፍ መበላት ይጀምራል፣ ቀጥሎም ፒስተኑ ሊበሳ ይችላል።

ለመጀመሪያው ምርመራ ፊውል ትሪም የሚያሳይ ማንኛውም ርካሽ ስካነር ይበቃል። ፊውል ትሪም ማለት ኮምፒውተሩ በኦክስጅን ሴንሰሩ መረጃ ተመርቶ በመሠረታዊው ስሌት ላይ የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው የነዳጅ መጠን በመቶኛ ሲገለጽ ነው። ስካነሩ የአጭር ጊዜና የረጅም ጊዜ የሚባሉ ሁለት ቁጥሮችን ያሳያል፤ ሁለቱ ይደመራሉ፤ ድምሩ ከ10 በመቶ በታች ከሆነ የሚያሳስብ ነገር የለም፣ 20ን አልፎ ከቆየ ግን ኮዱ ሩቅ አይደለም። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ድምሩ በሦስት ሁኔታ ይመዘገባል፦ በሚኒሞ፣ መኪናው ቆሞ በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ፣ እንዲሁም እንደ እንጦጦ ባለ ዳገት ላይ መካከለኛ ነዳጅ እየተሰጠ። በዳገቱ ላይ ስካነሩን የሚያነበው አሽከርካሪው ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠው ሰው መሆን አለበት።

ከእነዚህ ሦስት ቁጥሮች አብዛኛው መልስ ይገኛል። በሚኒሞ ከፍ ብሎ በ2,500 ዙር ወደ ጤናማው ከተመለሰ፣ የአየሩን መግቢያ ከሚከፍተውና ከሚዘጋው ትሮትል ቦዲ በኋላ ሳይለካ የሚገባ አየር አለ፤ በሚኒሞ ጠቅላላው አየር ትንሽ ስለሆነ ትንሿ ቀዳዳ ትልቅ ድርሻ ትይዛለች፣ አየሩ ሲበዛ ግን ድርሻዋ ይደበዝዛል። በሚኒሞ ጤናማ ሆኖ በዳገቱ ላይ የሚያሻቅብ ከሆነ ነዳጅ የማቅረብ አቅም ተጠርጣሪ ነው። በሦስቱም ላይ በተቀራራቢ መጠን ከፍ ብሎ ከተገኘ ደግሞ ኮምፒውተሩ የገባውን አየር አሳንሶ እየቆጠረ መሆኑ ይገመታል፤ ሾጣጣ ማጣሪያ በተገጠመበት መኪና ላይ እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው ይህንን ነው።

ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። አየር የሚለካው ሴንሰር፣ ማለትም ማፍ፣ በቱቦው ውስጥ የሚያልፈውን አየር በሙሉ አይለካም፤ በጋለው ሽቦ ላይ ከሚያልፈው ጥቂት አየር ተነሥቶ ጠቅላላውን ያሰላል፣ ስሌቱም ፋብሪካው ለሠራው ቱቦ ስፋት የተዘጋጀ ነው። የውስጥ ስፋቱ 60 ሚሊ ሜትር የነበረ ቱቦ በ70 ሚሊ ሜትር ቢተካ፣ ስፋቱ በራሱ ተባዝቶ ስለሚታሰብ፣ ያው አየር በሴንሰሩ ላይ የሚያልፍበት ፍጥነት ከሩብ በላይ ይቀንሳል። ኮምፒውተሩም የሚረጨውን ነዳጅ በዚያው ልክ ያሳንሳል፤ የቀረውን ትሪሙ ሊሸፍነው ይሞክራል። ስለዚህ የአዲሱና የአሮጌው ቱቦ ውስጣዊ ስፋት ሴንሰሩ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ በካሊፐር ይለካ። ሴንሰሩ ከቱቦው መታጠፊያ አጠገብ ተገጥሞ ከሆነም አየሩ እየተዛባ ስለሚያልፍ ንባቡ ይዋዥቃል። ዘይት የሚቀባ የጥጥ ማጣሪያ ከተገጠመ ዘይቱ ሽቦው ላይ ተለጥፎ ንባቡን ሊያሳንስ ይችላል፤ ለዚሁ በተሠራ ስፕሬይ ብቻ ይታጠባል፣ በጨርቅ ወይም በጣት አይነካም። ከሁሉ የሚሻለው ማረጋገጫ ግን አሮጌውን ሳጥን መልሶ ገጥሞ ሦስቱን ቁጥሮች እንደገና መመዝገብ ነው። ትሪሙ ከወረደ ጥፋተኛው ተገኝቷል። አንዳንድ ሞተሮች በማፍ ፋንታ የማኒፎልድ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ግፊት የሚለካ ማፕ ሴንሰር ስላላቸው የቱቦው ስፋት እነርሱን በዚህ መንገድ አያሳስታቸውም።

ያልተለካ አየር የሚፈለገው ሥራው በተነካካበት አካባቢ ነው፦ ያልጠበቀ ፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ)፣ ሳይሰካ የቀረ የብሬክ ሰርቮ ቱቦ፣ ከክዳኑ ወደ ማኒፎልድ የሚሄደው የጭስ መመለሻ ቱቦ፣ ነዳጅ የሚረጨው የኢንጀክተር ጎማ ቀለበት፣ የማኒፎልድ ጋስኬት። አነስተኛ ግፊት ያለው የጭስ ማሽን ያለበት ጋራዥ ቢገኝ ፍለጋው ያጥራል። በጋለ ሞተር ላይ የካርቡሬተር ማጽጃ እየረጩ የዙሩን መለዋወጥ የሚጠብቁ አሉ፤ ዘዴው ይሠራል፣ ነገር ግን የጋለ ማርሚታና ካንዴላ ገመድ ባለበት ቦታ እሳት የሚያስነሣ ነገር መርጨት ስለሆነ እኔ አልመክረውም።

ወደ ማርሚታው ስንመጣ ኮምፒውተሩን የሚያሳስት ነገር አለ። ካታሊስቱ ሲቆረጥ ብየዳው ከፊተኛው ኦክስጅን ሴንሰር በፊት ወይም አጠገብ ካለፈና ስንጥቅ ከቀረ፣ ጭሱ በሚወጣበት ምት መካከል ግፊቱ ስለሚዋዥቅ የውጭ አየር ወደ ውስጥ ይሳባል። ሴንሰሩ ያንን ኦክስጅን አይቶ ነዳጅ አንሷል ይላል፣ ኮምፒውተሩም ይጨምራል፤ በዚህ ጊዜ ሞተሩ የነዳጅ እጥረት ሳይሆን ትርፍ አለበት። ስለዚህ ካንዴላው ይወጣና ይታያል። ትሪሙ 25 በመቶ ጨምሬያለሁ እያለ ካንዴላው እንደ ጥላሸት ጠቁሮ፣ ጭሱ ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተ ከተገኘ፣ ነዳጁ አላነሰም፤ ፍለጋው ወደ ብየዳውና ወደ ፍላንጁ ይዞራል። ሞተሩ በቀዝቃዛነቱ ተነሥቶ ማርሚታው ሳይግል በመጋጠሚያው ላይ የሳሙና ውኃ ቢቀባ አረፋው ቦታውን ያሳያል። አንድ ሲሊንደር ሳያቃጥል ሲቀርም ያልተቃጠለው ኦክስጅን ተመሳሳይ ንባብ ይሰጣል። ንባቡን በቮልት የሚከታተል ሰው ደግሞ የሴንሰሩን ዓይነት ይለይ፦ በተራው ኦክስጅን ሴንሰር ከ0.45 ቮልት በታች ማለት ነዳጅ አንሷል ማለት ሲሆን፣ ብዙ ቶዮታዎች ላይ ከፊት ያለው ኤ ኤፍ (የአየርና የነዳጅ ምጥጥን) ሴንሰር ግን በተቃራኒው ነዳጅ ሲያንስ ቮልቱ ከፍ ይላል።

በጭነት ብቻ የሚያንስ ከሆነ የነዳጅ ግፊት ይለካል። የኮሮላና የቪትዝ ኤንዜድ (NZ) ሞተሮች ከ304 እስከ 343 ኪሎ ፓስካል ይፈልጋሉ። ልኬቱ በሚኒሞ ብቻ ቢወሰድ ብዙም አይጠቅምም፤ ደካማ ፓምፕ በሚኒሞ ግፊቱን ይዞ ሙሉ ነዳጅ ሲጠየቅ ነው የሚረታው። መለኪያው ከአሽከርካሪው አጠገብ በሚቀመጠው ሰው ፊት በመስታወቱ ላይ ታስሮ በዳገት ላይ ቢታይ ይመረጣል፤ የቱቦው መጋጠሚያም ነዳጅ አለማንጠባጠቡ ከመንዳት በፊት ይረጋገጥ። ግፊቱ ከ320 ወደ 250 ቢወርድ ኢንጀክተሩ የሚረጨው ነዳጅ በ12 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ፓምፑን ከመቀየር በፊት የነዳጅ ፊልትሮው (ማጣሪያው) ይታይ፤ በፓምፑ ሶኬት ላይም በጭነት ጊዜ ያለው ቮልት ይለካ። ባትሪው 14 ቮልት እያሳየ ፓምፑ ጋ 12 ብቻ ከደረሰ ችግሩ የዛገ ሶኬት ወይም ደካማ ሪሌ ነው።

ሙሉ ነዳጅ ሲሰጥ ኮምፒውተሩ ኦክስጅን ሴንሰሩን ማዳመጥ አቁሞ በተጻፈለት ካርታ (አስቀድሞ በተዘጋጀ የነዳጅ ሠንጠረዥ) ስለሚሠራ፣ በዚያ ቦታ ላይ ትሪም ምንም አይነግርም። ተርቦ ወይም ትልልቅ ኢንጀክተር የገጠመ ሰው ሰፊ መጠን የሚያነብ ዋይድባንድ ሴንሰር ሳይገጥም መሞከር የለበትም፤ ካርታውም ለኢንጀክተሩ መጠንና ለመክፈቻ ጊዜው መስተካከል አለበት።

የመጨረሻው ፈተና የከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ሞተሩ የሚስበው አየርም የሚፈልገው ነዳጅም በዚያው ልክ ያንሳል። በዚህ ምክንያት እዚህ የተስተካከለ መስሎ የሚታይ ደካማ ፓምፕ ወደ አዋሽ ቆላ ሲወርድ፣ አየሩ ሲወፍርለት፣ አቅሙ ያልቃል። ጥገናው ካለቀ በኋላ ኮዱ ይጠፋ፣ የተጠራቀመው ትሪም ወደ ዜሮ ይመለስ፣ ሦስቱ ቁጥሮች አዲስ አበባ ላይ አንድ ጊዜ፣ ቆላ ላይ አንድ ጊዜ ይመዝገቡ። የቆላው የጭነት ትሪም ከአዲስ አበባው ጎልቶ ከፍ ካለ የነዳጅ ግፊቱ እዚያው ቆላ ላይ እንደገና ይለካ።