የዕዳ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ ጳጉሜንን አትርሱ

ባሕር ዳር፣ ከዘንባባዎቹ ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ስጀምር በታይፕ ነበር። አሁን ላፕቶፕና ትንሽ ፕሪንተር አለኝ፤ መብራት ሲጠፋ በእጄ እጽፋለሁ። ወደ እኔ የሚመጣው ሰው ብዙውን ጊዜ አራት ቦታ የታጠፈ ደብዳቤ ይዞ ነው። ደብዳቤው አብዛኛውን ጊዜ ከግብር ቢሮ ነው፤ «ይህን ያህል ዕዳ አለብዎት» ይላል። ሰውየው «የለብኝም» ይላል። ሐቁ ከሰውየው ጋር ሲሆን ደጋግሜ አይቻለሁ። ግን ሐቅ ይዞ የቅሬታ ማቅረቢያ ቀን ያሳለፈ ሰው ሲመጣብኝ ምንም ላደርግለት አልችልም። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። ስለዚህ ደንበኞቼን ቁጭ አድርጌ የምነግራቸውን እዚህም ልጻፈው።

ደብዳቤው እጃችሁ ሲገባ፣ ከመናደዳችሁም በፊት፣ የደረሳችሁን ቀን ጀርባው ላይ ጻፉ። የተጻፈበት ቀንና የደረሳችሁ ቀን ይለያያሉ። አንዳንዴ ልዩነቱ ሁለት ሳምንት ይሆናል። ለእናንተ የቅሬታው ጊዜ የሚቆጠረው ከደረሳችሁ ቀን ማግስት ጀምሮ ነው። ፈርሙ ሲሏችሁ ፈርሙ፤ ከፊርማው ጎን ግን በራሳችሁ እጅ ቀን አስቀምጡ። «አልፈርምም፣ አልቀበልም» ማለት ዕዳውን አያስቀረውም። መፈረም ማለት ደረሰኝ ማለት እንጂ አመንኩ ማለት አይደለም።

ከዚያ መቁጠር ነው። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት በታክስ ውሳኔ ላይ ቅሬታ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው። የክልል ግብር ከፋይ ደግሞ የሚመራው በክልሉ አዋጅ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው የጠቀሰውን አዋጅ ቁጥርና የሰጣችሁን ጊዜ አንብቡ። ካልተጻፈበት በዚያው ቀን ሄዳችሁ ጠይቁ።

አሁን ጳጉሜን። የግብር ወረቀት የሚበዛው በክረምት ነው። ነሐሴ 25 ደብዳቤ የደረሰው ሰው ወሩን 30 እያለ ይቆጥርና «እስከ መስከረም 16 ጊዜ አለኝ» ይላል። የለውም። ነሐሴ ሲያልቅ 5 ቀን ሄዷል። ጳጉሜን ሌላ 5 ይወስዳል። 21ኛው ቀን መስከረም 11 ላይ ያርፋል፤ ጳጉሜን 6 በሚሆንበት ዓመት ደግሞ መስከረም 10። ከዘጌ በጀልባ የመጡ አንድ አባት በዚሁ ምክንያት አራት ቀን አሳልፈው ደረሱ። ሁሉም ነገር ነበራቸው፤ ደረሰኝ አለ፣ ምስክር አለ። ቀኑ ብቻ አልነበረም። አሁን እያንዳንዱን ደንበኛ በካላንደር ላይ በጣቱ እያስነካሁ ነው የማስቆጥረው።

ከታመማችሁ፣ ከሀገር ውጭ ከነበራችሁ ወይም ሌላ በቂ ምክንያት ካላችሁ ጊዜ ይራዘምልኝ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ግን ጥያቄው በጽሑፍ፣ 21 ቀኑ ሳያልቅ መግባት አለበት። መንገድ ተዘግቶባችሁም ከሆነ ከየት እስከ የት፣ ከመቼ እስከ መቼ ብላችሁ ጻፉት።

አንድ ሌላ ነገር። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር የማመልከቻ ኮፒ አለ። ፎቶ ኮፒ ከመብዛቱ የተነሳ ፊደሉ ደብዝዟል። «በአዋጅ ቁጥር 286/94 መሠረት» ብሎ ይጀምራል። ያ የገቢ ግብር አዋጅ ከተሻረ ቆይቷል። በ2008 አዋጅ ቁጥር 979 ተተካ፤ እሱም በ2017 በአዋጅ ቁጥር 1395 ተሻሻለ። ሕጉም አሠራሩም ሲታደስ የጎረቤታችሁ ማመልከቻ አብሮ አይታደስም። ቢሮ ስትሄዱ «አሁን የሚሠራበት መመሪያ የትኛው ነው? ቁጥሩን ይንገሩኝ» በሉ። በትሕትና ጠይቁ፤ ግን ሳትጠይቁ አትመለሱ። ዕዳውን የጠየቃችሁ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ከጎናችሁ ነው። ውሳኔው በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጣችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። መመሪያውም ቢሆን ከመውጣቱ በፊት ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት መቅረብ፣ ሲወጣም ተመዝግቦ ድረ ገጽ ላይ መጫን አለበት። ረቂቅ ወጥቶ አስተያየት ሲጠየቅ ካያችሁ ሁለት መስመርም ቢሆን ጻፉ። «ቀኑ ደብዳቤው ላይ በትልቁ ይጻፍ» የሚል አስተያየት እንኳ ስንት ሰው ያድናል።

አሁን ወደ ማመልከቻው። በአንዲት እትዬ ጉዳይ ላሳያችሁ። ሐይቁ ዳር አሣ ትጠብሳለች፤ ቀረሶም አምባዛም። የደረሳት ደብዳቤ 64,800 ብር ይላል። ስትመጣ ጠቅላላውን ብቻ ነበር የምታየው። እኔ ግን መጀመሪያ የማደርገው ቁጥሩን መበተን ነው። ፍሬ ግብሩ 52,300 ብር፣ ቅጣትና ወለዱ 12,500 ብር ሆኖ ተገኘ። «እትዬ፣ ከዚህ ውስጥ የሚያምኑት የለም?» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «የሸጥኩትማ አለ» አለች። ቁጭ ብለን አሰላነው። 18,300 ብር ትክክለኛ ግብሯ ነው። 34,000 ብሩ ነው የሷ ያልሆነው።

ያመነችውን እዚያው ሳምንት ከፈለች። ይህን ብዙ ሰው አይወድም፤ «ከከፈልኩ ያመንኩ ይመስልብኛል» ይላል። በአዋጅ 983 ግን ቅሬታ በትክክል ቀረበ የሚባለው የማትከራከሩበት ክፍል ሲከፈል ነው። ለእኔ ደግሞ ሌላም ጥቅም አለው። ያመነውን የከፈለ ሰው ቀሪውን አላምንም ሲል ይደመጣል።

34,000ው ከየት መጣ? ከባንክ ሒሳቧ። እትዬ የ15 ሴቶች ዕቁብ ሰብሳቢ ናት። ሴቶቹ በየሰኞው አንድ አንድ ሺህ ብር በሒሳቧ ያስገባሉ። ማክሰኞ 15,000 ብሩ ተጠቃሎ ዕጣ ለደረሳት ይወጣል። መርማሪው ያየው የገባውን ነው፤ ሽያጭ አድርጎ ያዘው። «ዕቁብ ነው ብዬ ነግሬያቸው ነበር» አለችኝ። መንገር አይበቃም። በታክስ ክርክር ውሳኔው ስህተት መሆኑን የማስረዳት ሸክም የግብር ከፋዩ ነው።

ደብተሯን አስመጣኋት። ዘይት የነካው፣ ጠርዙ የተቆለመመ የተማሪ ደብተር ነው። የባንክ ስቴትመንቱን ከጎኑ ዘርግተን በማስመሪያ መስመር በመስመር አመሳከርን። ሰኞ የገባው ከደብተሩ ስም ጋር፣ ማክሰኞ የወጣው ዕጣው ከደረሳት ሴት ፊርማ ጋር። የገጠመውን በቀይ እስክሪብቶ ቁጥር ሰጠነው፤ 1፣ 2፣ 3 እያልን። ሁለት ቀን ፈጀብን። ሦስት ቦታ አልገጠመም። እነዚህን አልደበቅንም፤ «ያልተመሳከረ» ብለን ለይተን አስቀመጥን። ማመልከቻው ከዚያ በኋላ አንድ ገጽ ሆነ። ዋናው አንቀጽ ይህን ይመስላል፦

«ከተወሰነብኝ ፍሬ ግብር 52,300 ብር ውስጥ 18,300 ብሩን አምኜ ከፍያለሁ፤ ደረሰኙ ተያይዟል። ቀሪውን 34,000 ብር አልቀበልም። ምክንያቴ በባንክ ሒሳቤ የገባው ገንዘብ ሽያጭ ሳይሆን የ15 ሴቶች ዕቁብ መሆኑ ነው፤ የደብተሩ ኮፒና የባንክ ማስረጃው ተያይዟል። ስለዚህ 34,000 ብሩ ተቀንሶ ውሳኔው እንዲሻሻልልኝ፣ በእሱ ላይ የተሰላው ቅጣትና ወለድም እንዲነሳልኝ እጠይቃለሁ።»

የትኛውን እንደማትቀበሉ፣ ለምን፣ ምን ተደርጎ እንዲስተካከል እንደምትፈልጉ። እነዚህ ከሌሉ ቅሬታው ጎድሏል ተብሎ ይመለሳል። የልጆቻችሁን ብዛትና የኑሮ ውድነቱን ልትጽፉ ትፈልጋላችሁ፤ ይገባኛል፣ ስጽፍ ስንቱ አልቅሶብኛል። ግን መርማሪው የሚፈልገው ቁጥር ነው። አናቱ ላይ የደብዳቤውን ቁጥር፣ የደረሳችሁን ቀንና የግብር ከፋይ መለያ (ቲን) ቁጥራችሁን አስቀምጡ።

ሁለት ኮፒ አድርጉና መዝገብ ቤት ግቡ። አንዱ እዚያ ይቀራል። በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አስመትታችሁ ይዛችሁ ውጡ። «ጠረጴዛው ላይ ተወው፣ አደርሰዋለሁ» ቢሏችሁ እሺ አትበሉ፤ ሰውየው ደግ ቢሆንም እንኳ። ማህተም የሌለው ማመልከቻ እንዳልገባ ነው የሚቆጠረው። ማህተም ያዡ ስብሰባ ላይ ከሆነ ጠብቁት። ስለዚህ በመጨረሻው ቀን አትሂዱ።

የውሃ ዕዳ ከሆነ ነገሩ ይቀላል። ቆጣሪው ላይ ጥቁርና ቀይ ቁጥሮች አሉ። ጥቁሩ ሙሉ ሜትር ኩብ ነው፤ ቀዩ ከዚያ በታች ያለው ሽርፍራፊ። አንድ ቤት አንባቢው አንዱን ቀይ ቁጥር ከጥቁሩ ጋር ደርቦ መዝግቦ 314 የነበረው 3146 ሆኖ መጣ። ቆጣሪውን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ፣ ያለፉትን ሦስት ወር ቢሎች አያይዛችሁ በጽሑፍ ድጋሚ ንባብ ጠይቁ። ፎቶው ላይ የቆጣሪው መለያ ቁጥር አብሮ ይታይ።

ቅሬታችሁ ውድቅ ከሆነ በፌዴራሉ አዋጅ በ30 ቀን ውስጥ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ይግባኝ ትላላችሁ። ይግባኙ የሚያዘው ከሚያከራክረው ግብር 50 በመቶ ሲከፈል ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ከጠቅላላ ዕዳው ያሰላና ተስፋ ይቆርጣል። ቅጣትና ወለድ እዚህ ስሌት ውስጥ አይገቡም። በእትዬ ቁጥር ቢሰላ የ34,000 ግማሽ፣ 17,000 ብር ማለት ነው፤ የ64,800 ግማሽ አይደለም። ከኮሚሽኑ ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲኬድ 75 በመቶ ይሆናል። ከዚያ በፊት ግን ጠበቃ አማክሩ፤ እኔም ከዚህ ወዲያ አልጽፍም። ቢሮው ሳይመልስላችሁ 180 ቀን ካለፈም ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። ከዚያ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል።

እትዬ ይግባኝ ድረስ አልሄደችም። ቅሬታ አጣሪዎቹ ሦስት የዕቁቡን ሴቶች ጠርተው አነጋገሩ፤ ደብተሩን ገለጡ። ካልተመሳከሩት ሦስት መስመሮች በቀር ተቀነሰላት። የቀረውን ከፍላ ደብዳቤውን ልታሳየኝ ስትመጣ በፌስታል ትኩስ አሣ ይዛ ነበር። እኔ ግን መልሼ ላክኋት። ውሳኔው በወረቀት ተሻሽሎ ሲስተሙ ላይ ሳይስተካከል የቀረበት ሰው አጋጥሞኛል፤ በዓመቱ ንግድ ፈቃድ ሊያድስ ሲል ያው ዕዳ ተመልሶ ወጣበት። እትዬ ተመልሳ ሄዳ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ቁጥር በዓይኗ እያየች ተስተካከለላት፤ ክሊራንስም፣ ማለትም ዕዳ የለባትም የሚል ማረጋገጫ፣ ወሰደች። ክሊራንሱን፣ የውሳኔውን ደብዳቤና ማህተም ያለበትን ማመልከቻ አንድ ላይ በፕላስቲክ ማህደር አደረግንላት። የዕቁቡን ገንዘብ ደግሞ ለብቻው በተከፈተ ሌላ ሒሳብ መሰብሰብ ጀምራለች።