ስለ አገረ መንግሥት፣ ስለ ብሔርና ስለ ድንበር ሲጻፍ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የአፍሪካ ቀንድ የድንበር ጉዳይ በተነሳ ቁጥር፣ በተማሪዎች ጽሑፍም ሆነ በጋዜጣ ዓምድ ላይ፣ ተመሳሳይ ስህተቶች ሲደጋገሙ ይታያል። አብዛኞቹ ከወገንተኝነት የመጡ አይደሉም፤ የፖለቲካ ጂኦግራፊ ለይቶ የሚያያቸውን ነገሮች አንድ ላይ ከመጨፍለቅ የሚመነጩ ናቸው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት አገረ መንግሥትን በሥልጣን ላይ ካለው አስተዳደር ጋር ማምታታት ነው። በ1933 የተፈረመው የሞንቴቪዴዮ ስምምነት አንድ አገረ መንግሥት ሊኖሩት የሚገቡ አራት ነገሮችን ያስቀምጣል፤ እነርሱም ቋሚ ሕዝብ፣ የታወቀ ግዛት፣ መንግሥትና ከሌሎች ጋር ግንኙነት የመመሥረት አቅም ናቸው። ይህን ያነበበ ሰው መንግሥት ሲፈርስ አገሩም አብሮ ይጠፋል ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ ነገር ግን የሲያድ ባሬ አገዛዝ በ1991 ከወደቀ በኋላ ሶማሊያ ለዓመታት መላ አገሪቱን የሚያስተዳድር ማዕከላዊ መንግሥት ባይኖራትም፣ የተባበሩት መንግሥታት አባልነቷ አልተሰረዘም፣ መሬቷም በሕግ ፊት ባለቤት አልባ አልሆነም። በዚያው ዓመት ነጻነቷን ያወጀችው ሶማሌላንድ ደግሞ የራሷን ገንዘብ፣ ምርጫና ጦር ይዛ ለአሥርተ ዓመታት ከየትኛውም የድርጅቱ አባል አገር ዕውቅና ሳታገኝ ቆይታለች። እዚህ ላይ አባልነትንም የአገርነት ማረጋገጫ አድርጎ መውሰድ አይገባም፤ ስዊዘርላንድ የተባበሩት መንግሥታት አባል የሆነችው በ2002 ነው፤ ከዚያ በፊት አገር አልነበረችም የሚል ግን የለም።

ሁለተኛው፣ ብሔርና አገረ መንግሥት በተፈጥሯቸው ሊገጣጠሙ ይገባል፣ ከተገጣጠሙም ሰላም ይሰፍናል የሚለው ግምት ነው። ኩርዶች በቱርክ፣ በኢራቅ፣ በኢራንና በሶርያ ተከፋፍለው የሚኖሩና የራሳቸው አገረ መንግሥት የሌላቸው ሕዝብ ናቸው። ይሁንና ለእኛ ይበልጥ የሚያስተምረው እንደገና የሶማሊያ ጉዳይ ነው። በሰንደቅ ዓላማዋ ላይ ያለው ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ሶማሌዎች የሚኖሩባቸውን አምስት ግዛቶች የሚወክል ሲሆን፣ ከእነርሱ ውስጥ በ1960 የተዋሐዱት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። የቀሩትን ለመጠቅለል የተደረገው ሙከራ በ1977 ከኢትዮጵያ ጋር ወደ ተደረገው ጦርነት አመራ። ከዚያ በኋላ የመጣው መፍረስ ግን በቋንቋና በሃይማኖት እጅግ በሚቀራረብ ሕዝብ ውስጥ፣ በጎሳ መስመር የተከሰተ ነው።

የአፍሪካ ድንበሮች በሙሉ በበርሊን ጉባኤ በማስመሪያ ተሰመሩ የሚለው አባባል እጅግ የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም። ከኅዳር 1884 እስከ የካቲት 1885 የተካሄደው ጉባኤ በዋናነት ስለ ኮንጎና ኒጀር ወንዞች ንግድና መርከብ ጉዞ፣ እንዲሁም የባሕር ዳርቻ ግዛት ስለሚያዝበት ሥርዓት ተነጋገረ። ዛሬ የምናያቸው መስመሮች የተሳሉት በአብዛኛው ከዚያ በኋላ፣ ሁለት ሁለት ሆነው በተፈራረሙ ወገኖች ነው። የኢትዮጵያ ወሰኖች ደግሞ ከዚህ የተለየ ባሕርይ አላቸው፤ ምክንያቱም በ1900፣ በ1902 እና በ1908 ከጣሊያን ጋር፣ በ1902 ስለ ሱዳን እንዲሁም በ1907 ስለ ኬንያ ከእንግሊዝ ጋር በተደረጉት ውሎች ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ተዋዋይ ነበሩ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1964 ካይሮ ላይ በነጻነት ጊዜ የነበሩ ድንበሮች እንዲከበሩ ሲወስን ሶማሊያና ሞሮኮ ሳይቀበሉት፣ ኢትዮጵያ ግን በጽኑ የደገፈችው አለምክንያት አልነበረም።

አራተኛው ስህተት፣ በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋው፣ ድንበር ውል ሲፈረም ያልቃል ብሎ ማሰብ ነው። ውሉ መስመሩን በቃላት ይገልጻል፤ ባለሙያዎች በካርታ ላይ ያሰፍሩታል፤ ከዚያም በመሬቱ ላይ ምልክት ይተከላል፤ በመጨረሻም አንድ ወገን ያስተዳድረዋል። እነዚህ ደረጃዎች በብዙ ዓመታት ሊራራቁ ይችላሉ። ኤርትራን ትገዛ ከነበረችው ጣሊያን ጋር የተደረገው የ1902ቱ ውል በምዕራብ በኩል ወሰኑ የሰቲትን ወንዝ ተከትሎ ከማይተብ ጋር እስከሚገናኝበት እንዲሄድ፣ ከዚያም ማይ አምበሳ መረብን ወደሚቀላቀልበት ሥፍራ እንዲያመራና ኩናማዎች በኤርትራ በኩል እንዲሆኑ ይላል። ሲነበብ ግልጽ ይመስላል። ነገር ግን ማይተብ የተባለው የትኛው ገባር ነው? ከመቶ ዓመት በኋላ ጠበቆች በኢትዮጵያና በኤርትራ የድንበር ኮሚሽን ፊት የተከራከሩበት አንዱ ዋና ነጥብ ይህ ነበር፤ ባድመም ያለችው በዚሁ አካባቢ ነው። ወንዝ ተፈጥሮ ያበጀችው አስተማማኝ ድንበር ነው ለሚል ሰው ይህ በቂ መልስ ይመስለኛል፤ ወንዝ ስሙም አካሄዱም ይለወጣል። የ1908ቱ ውል በምሥራቅ በኩል ከወንዝ ይልቅ ርቀትን መርጦ፣ መስመሩ ከባሕር ዳርቻው 60 ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ከዳርቻው ጋር ትይዩ እንዲሄድ ያዛል፤ ዳርቻው ግን ወጣ ገባ ስለሆነ 60ው ኪሎ ሜትር ከየት ተነስቶ ይለካል የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ሆነ። ኮሚሽኑ ውሳኔውን የሰጠው ሚያዝያ 2002 ላይ ነው፤ ምልክት የመትከሉ ሥራ በመሰናከሉም በኅዳር 2007 ወሰኑን በካርታ ላይ በተመለከቱ ነጥቦች ብቻ እንደተካለለ ቆጠረው። ኢትዮጵያ ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ እንደምትቀበል ያሳወቀችው በ2018 ነው። ስለዚህ «ድንበሩ ተካሏል» ወይም «አልተካለለም» ብሎ የሚጽፍ ሰው የትኛውን ደረጃ ማለቱ እንደሆነ መናገር አለበት።

ከዚሁ ጋር የሚያያዘው የኢትዮጵያን ክልሎች ወሰን በዓለም አቀፍ ድንበር ሚዛን መመዘን ነው። የአገሮች ወሰን በውል ሲመዘን፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 48 ግን የክልሎች የወሰን ጥያቄ በሚመለከታቸው ክልሎች ስምምነት እንዲፈጸም፣ ካልተስማሙም የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝብ አሰፋፈርንና ፍላጎትን መሠረት አድርጎ እንዲወስን ይደነግጋል። በክልሎች ክርክር የድሮ ካርታ የሚያቀርብ ወገን የሚያቀርበው ታሪካዊ ማስረጃ ነው፤ አንቀጹ የሚጠይቀው መመዘኛ ግን ሌላ ነው።

የመጨረሻው ስለ ባሕር ነው፤ በተለይ ሰሞነኛ ክርክር ሲጋጋል ይታያል። አንድ አገር እንደ ግዛቱ ሉዓላዊ ሥልጣን የሚኖረው ከዳርቻው እስከ 12 የባሕር ማይል ድረስ ብቻ ነው። እስከ 200 የባሕር ማይል በሚዘልቀው የኢኮኖሚ ቀጣና ውስጥ ዓሣውና ማዕድኑ የእርሱ ቢሆንም፣ የሌላ አገር መርከብ በዚያ ሲያልፍ ድንበር ጣሰ አይባልም። ባሕር የሌላቸውን አገሮች በተመለከተም የ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነት በአንቀጽ 125 ወደ ባሕር የመድረስና በመተላለፊያ አገር በኩል የማለፍ መብት ይሰጣል፤ አፈጻጸሙ ግን ከመተላለፊያው አገር ጋር በሚደረግ ስምምነት ይወሰናል። የማለፍ መብት፣ ወደብ በኪራይ መያዝና የባሕር ዳርቻ ባለቤት መሆን ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ «የባሕር በር» በሚል አንድ ሐረግ ሲጠቀለሉ ተከራካሪዎቹ ስለ አንድ ነገር የሚነጋገሩ ይመስላቸዋል።